ስማዳ ላይ ጥቁር ደመና አያስፈራም

«ካርቱን ነው እኮ! ለካርቱን ቀለም ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሉታል?»

ሥራን ማወቅ ይሉታል። ካሜራ ተሸክሞ ደቡብ ጎንደር፣ ነፋስ መውጫ የወጣ ፊልም ሠሪ ሰማዩን ተዘርግቶ፣ አፈሩን ተነጥፎ፣ የባልቴቷን ቀሚስ ተሰፍቶ ያገኘዋል። እሱ ቢያንቀላፋ እንኳ የጉና ተራራ ከቦታው አይነቃነቅም። አኒሜሽን ሠሪው ግን የሚቀመጠው ባዶ ገጽ ፊት ነው። ሰማይ ካልቀባ ሰማይ የለውም፤ ጥላ ካልጣለ ፀሐይዋ አትሞቅም። እዚያ ፊልም ውስጥ በአጋጣሚ የገባች አንዲት ቀለም የለችም። እያንዳንዷን ሰው መርጧት፣ ከጎረቤቷ ጋር አስተያይቷት፣ ቆርጦ ነው ያስገባት። ታዲያ እሱ ካልተጨነቀ ማን ይጨነቅ?

«ታሪኩ ካማረ ቀለሙ ምን ቸገረው? ቀለም ጌጥ ነው።»

ጌጥ ከሆነ አውልቀው። እስቲ ከ«ዘ ላየን ኪንግ» ላይ ቀለሙን አውልቅና ታሪኩን ንገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ይህ ፊልም የሚጀምረው እሳት የመሰለች ጀምበር ብቅ ስትል ነው፤ ሜዳው ወርቅና ለምለም ነው። ስካር የተባለው አንበሳ ወንድሙን ገድሎ ዙፋኑ ላይ ሲወጣ ያው ሜዳ፣ ያው ቋጥኝ አመድ ይለብሳል። አገሩ አልተቀየረም፤ ኮረብታው የነበረበት ነው። ስካር ከጅቦቹ ጋር ሲዶልት የሚትጎለጎለው ጢስ ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ የሣር ሳይሆን የመርዝ አረንጓዴ። አንድ ፍሬ ልጅ «ሥልጣን ያለ አግባብ ተያዘ» ብትለው አይገባውም። አገሩ እንደታመመ ግን ገብቶታል። ማን ነገረው? ጌጥ ያልከው ነገረው።

«እሺ፣ ገባኝ፤ ብሩህ ለደጉ፣ ጨለማ ለክፉው።»

ቸኮልክ። «ኮርፕስ ብራይድ» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2005 ፊልም ተመልከት፤ የሕያዋኑ ከተማ ግራጫ ነው፤ ሰዎቹም መልካቸው የገረጣ፣ ከንፈራቸው የደረቀ ነው። የሙታኑ መንደር ግን በወይን ጠጅና በአረንጓዴ ደምቆ ይጨፍራል። የሞተው የትኛው እንደሆነ ተመልካቹ ራሱን ይጠይቃል። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን «ኮራላይን»ን ነው። ልጅቷ የምትኖርበት ቤት ደብዛዛ ነው፤ እናትና አባቷ በሥራ የደከሙ ናቸው፤ ውጭው ጭቃና ጭጋግ ነው። በትንሿ በር ሾልካ የምትገባበት ሌላው ዓለም ግን አበባው የሚያበራ፣ ማዕዱ የሚያጓጓ ነው። ያቺ ደማቅ ዓለም የተዘረጋችው ግን ልጅቷን ለማጥመድ ነው፤ እዚያ ያለችው ሌላዋ እናት የልጅቷን ዓይን በቁልፍ ሰፍታ ልታስቀራት ነው። የሚያብለጨልጭ ሁሉ ፍቅር እንዳልሆነ፣ የደበዘዘ ቤትም ፍቅር እንደማያጣ ያስተማራት ቀለሙ ነው። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠ ፊልም አላየሁም።

ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ ደግሞ «ፐርሴፖሊስ» ላይ ገልብጣዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው በዚያ ፊልም ትዝታው በጥቁርና በነጭ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣ የምታስታውስበት የስደቷ ዛሬ ደግሞ በቀለም ነው። ቀለም ያላት ዛሬዋ ግን አገር የላትም። እንግዲህ «ብሩህ ለደጉ» ያልከውን ሕግ እዚህ አምጣና ሥራበት።

«ይህ ሁሉ ፊልሙ ካለቀ በኋላ በኮምፒዩተር የሚስተካከል ነገር ነው።»

ካለቀ በኋላ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ራልፍ ኤግልስተን ቀድሞ ቀለም ይዞ ባልተቀመጠ። ይህ ሰው የፒክሳር ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ለወጣው «ቶይ ስቶሪ» የፊልሙን ጉዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትናንሽ ሥዕሎች ደርድሮ ሠራ። ሥዕሎቹ ላይ ዝርዝር ፊት የለም፤ የሚታየው ቀለምና ብርሃን ብቻ ነው። ድርድሩን ያየ ሰው ደስታው የት እንደሚፈካ፣ ፍርሃቱ የት እንደሚከብድ አንድም ቃል ሳይሰማ ያውቃል። የቀለም ድርሰት እንበለው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ኢንሳይድ አውት» የምስሉን ጠቅላላ ንድፍ መራ። እዚያ ደስታ ቢጫ ናት፣ ሐዘን ሰማያዊ፣ ቁጣ ቀይ፣ ፍርሃት ወይን ጠጅ፣ መጸየፍ አረንጓዴ። የደስታን ፀጉር ያየኸው እንደሆነ ግን ሰማያዊ ነው፤ የሐዘን ቀለም። ፊልሙ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚደርስበትን ነገር፣ ደስታና ሐዘን እንደማይለያዩ፣ ሠዓሊዎቹ ከመጀመሪያው አናቷ ላይ አስቀምጠውታል።

«ልጄ፣ ይህ የፈረንጅ ጥበብ ነው፤ ለጋይንት ምኗም አይደል።»

አባባ፣ ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ ጋይንት እኮ ይህን ጥበብ ፊልም ሳይፈጠር ታውቀዋለች። የጋይንቷን ቤተልሔም ያስቧት። ከውጭ ሲያዩዋት ክብ የሣር ክዳን ያላት ሌላ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ትመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ገብቶ ሲያይ፣ ከክቡ ክዳን ሥር በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ቆሞ አገኘ። አገሬው ያውቃት ነበር፤ የተገረመው እንግዳው ነው። ደብዛዛውን ሣር አልፎ ሥዕልና ቅርጽ ወዳለበት ውስጥ መግባት፣ ይህ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መሻገር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የጎንደር ሠዓሊዎችንም ያስቧቸው። በመጀመሪያው ዘመን አሳሳል ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ጀርባው ያልተወሳሰበ ነው። ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. ከ1730ዎቹ ጀምሮ፣ ጀርባው ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ መፍሰስ ያዘ፤ ፊቱ ላይ ጥላ ወደቀ፤ ልብሱ ከበደ። ቅዱሱን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ከሃዲውን በአንድ ዓይን በጎኑ የሚሥሉትም እነሱ ናቸው። ያልተማረው ምእመን ግድግዳውን ሲያይ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ብራናውም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ በጥቁር፣ የአምላክና የእመቤታችን ስም በቀይ። አንባቢው ገና ፊደሉን ሳይቆጥር ገጹ የት ላይ እንደከበረ ዓይኑ ይነግረዋል።

ሰማያዊውም የራሱ ታሪክ አለው። ቀደምቶቹ የአገራችን ሠዓሊዎች ሰማያዊውን የሚያገኙት ከእንዶድ ወይ ከጉሎ አልነበረም፤ ኢንዲጎ ከሚባለው የተክል ቀለምና ከባሕር ማዶ ከሚመጣ ከተፈጨ ሰማያዊ መስታወት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋብሪካ ርካሽና ደማቅ ሰማያዊ ሲያመጣ ሥዕሎቻችን መልካቸው ተለወጠ። ዛሬ ተመራማሪዎች የአንዳንዱን ሥዕል ዕድሜ የሚገምቱት በዚያ ሰማያዊ ነው። ከውጭ የመጣ ቀለም ክፉ ነው አላልኩም፤ ያ ሠዓሊ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ በሩቅ አገር ቀለም ቀብቶ የራሱ አድርጎታል። ዛሬ የምጠይቀውም ያንኑ ነው።

ደግሞስ ጋይንት የዜማ አገር አይደለችም? ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። ያንኑ አንድ ቃል በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ቢያዜሙት የሰሚው ልብ የሚሄድበት መንገድ ይለያያል። ቃሉ ያው ነው፤ ድባቡ ሌላ ነው። አኒሜሽን ሠሪ ያንኑ ኮረብታ በሦስት ቀለም ሲቀባ የሚያደርገው ከዚህ አይርቅም። ይህን የሚያውቅ አገር «ጥበቡ የሌላ ነው» ብሎ አንገቱን አይድፋ።

«ጥቁር ደመና ሲመጣ ተመልካች ይፈራል፤ ሰማዩ ሲጠራ ደስ ይለዋል። ይህ የሰው ተፈጥሮ ነው።»

የየትኛው ሰው? ይህን ያለኝ ኮምፒዩተር ላይ የሚሥል ጎበዝ ወጣት ነው፤ እጁ የተባረከ ነው። ወንድሜ፣ አንተ የምትለው ሰው ዝናብ የሽርሽር ቀኑን የሚያበላሽበት ሰው ነው። ስማዳ ወርደህ በበሽሎ በኩል ያለውን ቆላ ሐምሌ ላይ ጠይቅ። ሰማዩ ከጧት እስከ ማታ ጠርቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ደመና የሚባል ጠፍቶበት ሲውል ገበሬው እንቅልፍ የለውም። ዘሩ አፈር ውስጥ ነው፤ የተበደረው ዘር ነው። ያ ፊልሞች ሁሉ ደስታ ለማለት የሚቀቡት ጥርት ያለ ሰማያዊ ለእሱ የጭንቅ ቀለም ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። ልጆች ይሮጣሉ፤ ሴቶች ዕቃ ያወጣሉ፤ ሽማግሌው ቀና ብሎ «ተመስገን» ይላል። ጥቁሩ ደመና ብሥራት ነው።

ይህን በጨዋታ አትለፈው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲዛነፍ ቀድመው ከሚጎዱት ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም የታቀፉትም ስለዚህ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ፊልም ከፍቶ «ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፤ ሁሉም ደስ አላቸው» የሚል ትዕይንት ሲያይ፣ ያየው የሌላ ሰው ሰማይ ነው። «ዘ ላየን ኪንግ» እንኳ ይህን አልሳተውም፤ የስካር ዘመን ሲያበቃ አገሩን የሚያጥበው ዝናብ ነው።

«እንግዲያው ጥቁር ደመና ሁልጊዜ ደስታ ነው ልትለን ነው?»

አልልህም። ወደ ደጋው ውጣ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራና ጓሳ የሚበቅልበት፣ ብርዱ አጥንት የሚገባበት ነው። በዚያ ግርጌ ገብሱ ዘለላ ሲያወጣ የሚጠቁር ሰማይ በረዶ ሊያወርድ ይችላል፤ በረዶ ደግሞ የዓመቱን ልፋት በአንድ ሰዓት ከመሬት ይደባልቀዋል። ኅዳር ላይ እህሉ አውድማ ሲደርስም ደመና ለማንም ዘመድ አይደለም። እንግዲህ ይኸው ጥቁር፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብሥራትም ነው፣ ሥጋትም ነው። ቀለም ብቻውን አይናገርም፤ ወሩንና ቦታውን ይዞ ነው የሚናገረው። ይህን የሚያህል ሀብት ያለው ሠዓሊ ለምን «ጥቁር ማለት ክፉ» በምትል አንዲት መስመር ይታሰራል?

ቢጫንም ጨምርበት። የአውሮፓና የአሜሪካ ፊልም ቢጫና ብርቱካናማ ቅጠል ሲያረግፍ አንድ ነገር እያበቃ ነው፤ ፍቅር፣ ዕድሜ፣ ዓመት። የእኛ ቢጫ መስከረም ላይ ነው። እስቴ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ዙሪያ፣ ተራራው አደይ ሲለብስ የሚያልቅ ነገር የለም፤ ዓመቱ ገና መጀመሩ ነው። ቢጫ ቀብተህ ሽማግሌ አትግደልበት፤ ልጅ አስወልድበት።

«ለማንኛውም ነጭ ልብስ ደስታ ነው፤ ጥቁር ሐዘን ነው፤ ይህን እንኳ አትካድ።»

እትዬ፣ ጥቁርማ የሐዘን ልብስ መሆኑን ማን ይክዳል። ግን ነጠላዎን አስተውለው ያውቃሉ? ያችው ነጭ ነጠላ ለሠርግም ትሄዳለች፣ ለለቅሶም ትሄዳለች። ለደስታ ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለሐዘን ሲሆን ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይመጣል። ልብሱ አልተቀየረም፤ አዲስ ቀለም አልተጨመረም። ቀለሙ የቆመበት ቦታ ብቻ ተቀየረ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሳይጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድ አኒሜሽን ሠሪ ይህችን አንዲት ነገር ቢያውቅባት፣ የእናትን ሐዘን ያለ እንባ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጥቁር ጨርቅ ያሳየናል።

«የባላገር ዓይን ቀለም መለየት ምን ያውቃል?»

ይህን ያልከው አርብ ገበያ ገብተህ በሬ ገዝተህ ስለማታውቅ ነው። በሬው ቦራ ነው፣ ቡሬ ነው፣ ዳልቻ ነው፣ ጉራች ነው፤ የጠፋ በሬ የሚፈለገውና የሚመሰከርበት በቀለሙ ነው። ጤፉ ነጭ ነው፣ ሠርገኛ ነው፣ ቀይ ነው፤ ዋጋው የሚቆረጠው በቀለሙ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው ወይ ቀይ ነው ብሎ ነው የሚዘራውን የሚመርጠው። ይህ ሰው ቀለም ተሳስቶ ከሆነ እዳው የራሱ ነው። እውቀት የምትፈልግ ከሆነ ከእሱ ዘንድ ተቀመጥ።

«ሁለት ተቃራኒ ዓለም የሚባለው ግን ለምናብ ፊልም ነው፤ ገጠር አንድ ዓይነት ነው።»

እግርህ ያንን አልረገጠም ማለት ነው። በነፋስ መውጫ ጧት ጭጋጉ ወርዶ ሁሉን ወተት ያስመስለዋል፤ ሰው ጋቢውን ደርቦ፣ ከአጠገቡ ያለውን ዛፍ እንኳ በጥላው ነው የሚያውቀው። ከዚያ ተነስተህ ወደ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ወደ ስማዳ ቆላ ስትወርድ ግራጫው እየሳሳ ይሄዳል፤ ጥቁሩ አረንጓዴ የአስታ ቁጥቋጦ ይቀራል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል፤ ግራርና አቧራ ይመጣል። ጋቢው ትከሻ ላይ ሸክም ይሆናል። ደገኛና ቆለኛ በዚያ መንገድ ለገበያና ለጋብቻ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። የደጋ ልጅ ወደ ቆላ የተዳረች እህቱን ሊጠይቅ የሚወርድበትን ፊልም አስበው። አንድም አስማት አያስፈልገውም። በእያንዳንዱ ዳገትና ቁልቁለት ቀለሙ ሲለወጥ የልጁ ልብ አብሮ ይለወጣል። ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ ልጅነቱን በጊኒ አሳልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 «ኪሪኩ»ን ሲሠራ የምዕራብ አፍሪካን ቀይ አፈርና ለምለም ጫካ ከጠንቋይዋ ደረቅና ግራጫ ግቢ ጋር አፋጥጦ ዓለም የወደደለትን ፊልም አወጣ። እሱ ካየው አገር ወስዶ ነው የቀባው።

«ወሬው መልካም ነው፤ እኛ አገር ማን ይሠራዋል?»

የጀመሩ አሉ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የመሠረቱት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በአሻንጉሊት ጀምሮ፣ ቀጭኔዋን ፀሐይን የብዙ ልጆች ጓደኛ አድርጓታል፤ ከዚያ «ጥበብ ልጃገረዶች» የተባለውን አኒሜሽን አምጥቶ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ከባድ ነገር በልጆች ፊት ደፍሮ አንስቷል። ይህ ጉዳይ ለጋይንትና ለእስቴ ሴቶች ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚኖረው ዕዝራ ውቤ ደግሞ በአንድ ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በላዩ ደግሞ ይሥላል፤ እንዲህ እያለ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሠራው «ሒሳብ» አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ የተሳፈሩበትን ሁላችንም የምናውቀውን የከተማ ተረት ይዞ ነው የተነሳው። ሸራው ላይ በመጨረሻ የሚቀረው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀደሙት ሁሉ ከሥሩ ተቀብረዋል። ሠሪ የለም አትበለኝ። ለቀለም የሚከፍል ነው የጠፋው።

«ፕሮግራሙ ራሱ የተዘጋጀ ቀለም ይሰጣል፤ እሱን መርጦ መቀጠል ነው።»

ፕሮግራሙ ሐምሌን አያውቅም። የሚሰጥህ ያዘጋጁት ሰዎች ያደጉበትን ሰማይና ቅጠል ነው፤ ለእነሱ እውነት ነው፤ አልወቅሳቸውም። አንተ ግን እንደወረደ ስትቀበል ለስማዳ ልጅ የሌላ አገር የአየር ጠባይ እያደልከው ነው።

ቀለም የሚመርጠው ሰው ነው፤ የጃፓኑን ጂብሊ ስቱዲዮ ፊልሞች የምትወዱ ሁሉ ሚቺዮ ያሱዳን እወቋት። እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስሟ የሚነሳው በቀለም ነበር፤ ለስቱዲዮው ዳይሬክተሮች ለሚያዛኪና ለታካሃታ ፊልሞች ልብሱ፣ ባሕሩ፣ ምሽቱ በየትኛው ቀለም እንደሚሆን የምትወስነው እሷ ነበረች። ሙያ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚሠራ፣ የሚከበር፣ በፊልሙ መጨረሻ ስሙ የሚጻፍ ሙያ።

እንግዲህ ለምትሥሉ ልጆች፦ አንድ ኮረብታ ምረጡ፤ ጉናም ይሁን የእስቴ ማንኛውም ጉብታ። ያንኑ ኮረብታ በሐምሌ፣ በመስከረም፣ በኅዳርና በሚያዝያ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ቀለሙን መዝግቡ። ከዚያ እዚያ የሚኖረውን ገበሬ ጠይቁት፤ የትኛው ቀለም እንደሚያስተኛው፣ የትኛው እንደሚያባንነው ይንገራችሁ። ለምትከፍሉ ደግሞ፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ለልጆች ፕሮግራም ገንዘብ ለምትመድቡ ድርጅቶች፦ በጀታችሁ ውስጥ ለቀለም ሰው ደመወዝ ይኑር፤ ሥራውንም ደራሲው መጻፍ በጀመረበት ቀን ይጀምር።